ለኮራል ገንዳ ቲ5 ፍሎረሰንት ስትመርጡ መጀመሪያ ሪፍሌክተሩን እዩ

ለኮራል ገንዳ ፍሎረሰንት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ «ስንት ኬልቪን ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ «ስንት ዋት?»። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ ግን መብራቱን ገልብጦ ማየት ይቀድማል። ለእያንዳንዱ ቱቦ የየራሱ ጥሩ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ውሃው የሚመልስ ሽፋን፣ ያለው ባለ አራት ቱቦ መብራት፣ ስድስት ቱቦ በአንድ ጠፍጣፋ ነጭ ቆርቆሮ ስር ከተደረደረበት መብራት የበለጠ ብርሃን ውሃው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ቆጣሪው ግን የስድስቱን ያስከፍላችኋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቱቦ ብርሃኑን የሚረጨው ዙሪያውን ነው፤ ወደ ላይ የሄደው ግማሽ ካልተመለሰ ይባክናል። ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሳል እንጂ አብዛኛውን የሚመልሰው ራሱ ቱቦው ላይ ወይም ጎረቤቱ ላይ ነው። ቱቦው ይሞቃል፣ ኮራሉ አያገኝም። ቲ5 የሚባለው የፍሎረሰንት ቱቦ ለዚህ ሥራ ከቀደሙት የተሻለው ቀጭን በመሆኑ ጭምር ነው፦ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቲ8 26፣ ቲ12 ደግሞ 38 ነው። ቀጭን ቱቦ ከጀርባው የሚመለሰውን ብርሃን ብዙም አይከልልም።

ጥሩ ሪፍሌክተር ሲታይ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቱቦ በራሱ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቦዩ ከቱቦው ጀርባ መሃል ላይ ወደ ታች የወጣ ጠርዝ አለው፣ ግራና ቀኙ በተለያየ ማዕዘን የታጠፈ፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ አሉሚኒየም ነው። ሳይበራ ከስር ሆናችሁ ስታዩት የአንዱ ቱቦ ምስል በየእጥፉ ላይ ተደጋግሞ ሪፍሌክተሩ በቱቦ የተሞላ ይመስላል። በምስሎቹ መካከል ሰፊ ጥቁር ክፍተት ከታየ ቅርጹ ልክ አይደለም። ነጭ ቀለም የተቀባውን ከነጭራሹ ተዉት።

ሁለተኛው የሚታየው ባላስቱ፣ ማለትም ለቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ ነው። 115 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቲ5 በሁለት ዓይነት ይመጣል፦ ባለ 28 ዋቱ የቁጠባ ቱቦ እና ባለ 54 ዋቱ ኤችኦ፣ ማለትም ብርቱው። ርዝመታቸው አንድ፣ ጂ5 የሚባለው የፒናቸው ሶኬትም አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ በቀላሉ ይገባል። ግን ባለ 28 ዋቱ የሚፈልገው 170 ሚሊ አምፔር ሲሆን ባለ 54 ዋቱ 460 ነው። ኤችኦ ቱቦ በ28 ዋት ባላስት ላይ ደብዝዞ ይበራል፤ ባለ 28 ዋቱ በ54 ዋት ባላስት ላይ ጫፎቹ ቶሎ ጠቁረው ይሞታል። «ቲ5 ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን «ኤችኦ ነው ወይ?» በሉት። ለኮራል የሚሆነው ኤችኦ ነው፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ 24 ዋት፣ ለ90 39 ዋት፣ ለ120 54 ዋት፣ ለ150 80 ዋት።

ባላስቱ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅም አንብቡ። አሜሪካ የተገዛ መብራት 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ዱባይም አዲስ አበባም ቀጥታ አይሰካም። ከ120 እስከ 277 የሚል ባላስት ያለው ግን ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ ይሠራል።

ስንት ቱቦ? 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 50 ጥልቀት ያለውን የተለመደ ገንዳ እንያዝ። ለስላሳ ኮራል፣ እንጉዳይ መሳዩና ዞአንተስ ብቻ ከሆነ አራት ቱቦ ይበቃል። የተቀላቀለ ገንዳ፣ ከላይ ጥቂት አክሮፖራ (ቅርንጫፋም ድንጋያማ ኮራል) ከታች ዩፊሊያና መሰሎቹ ያሉበት፣ ስድስት ይፈልጋል። አክሮፖራን እስከ አሸዋው ድረስ ማሳደግ የሚፈልግ ስምንት ያስብ። በፓር ሜትር፣ ማለትም ለኮራሉ የሚጠቅመውን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ፣ ከተለካ ለስላሳዎቹ ከ50 እስከ 150 ማይክሮሞል ይበቃቸዋል፤ ትልልቅ ፖሊፕ (ኮራሉን የሚሠራው ትንሽ እንስሳ) ያላቸው እንደ ዩፊሊያ ያሉ ድንጋያማዎች ከ75 እስከ 150 አካባቢ፣ ትንንሽ ፖሊፕ ያላቸው እንደ አክሮፖራ ያሉት ከ200 እስከ 350። ገንዳው ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቅ ከሆነ ከፍሎረሰንት ጋር አትታገሉ፤ ኤልኢዲ ይሻላል። ሰፊና መካከለኛ ጥልቀት ያለው ገንዳ ላይ ግን የቲ5ን ያህል ብርሃኑን እኩል የሚያለብስ መብራት አሁንም ጥቂት ነው፤ የአክሮፖራ ቅርንጫፍ ከስሩም ከጎኑም ብርሃን ያገኛል፣ ጥላ ያረፈበት ጎን አይሞትም።

አሁን ወደ ቀለሙ። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖረው ዙዛንቴላ የሚባለው ረቂቅ አልጌ በብዛት የሚጠቀመው ከ400 እስከ 500 ናኖ ሜትር ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከቀዩም የተወሰነ ይወስዳል። ኬልቪን የሚነግራችሁ ብርሃኑ ለዓይን ምን እንደሚመስል ነው እንጂ በውስጡ የትኛው የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንዳለ አይደለም። 10,000 ኬልቪን የተጻፈባቸው ሁለት ቱቦዎች በጣም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሉመን ደግሞ የባሰ ነው፦ የሚሰላው በሰው ዓይን ስለሆነ፣ ዓይናችን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን አረንጓዴ ስለሆነ፣ ለኮራሉ የሚበጀው ሰማያዊ ቱቦ በሉመን ደካማ ይመስላል። በሉመን የሚመርጥ ሰው መጨረሻ ላይ የሚገዛው የቢሮ መብራት ነው።

ለስድስት ቱቦ የሚሠራው ቅይጥ በቱቦ አምራቹ በኤቲአይ ስሞች ሲነገር ሦስት ብሉ ፕላስ፣ ሁለት ኮራል ፕላስ፣ አንድ ፐርፕል ፕላስ ነው። ብሉ ፕላስ ዋናው ሠራተኛ ነው፤ ኮራል ፕላስ ነጩን ያመጣል፤ ፐርፕል ፕላስ ቀይና ሮዝ ቀለሞች ሞተው እንዳይታዩ ያደርጋል። ከእርሱ ሁለት ከገባ ገንዳው ከረሜላ ይመስላል፤ አንድ ይበቃል። 420 ናኖ ሜትር ላይ የሚያተኩረው አክቲኒክ የሚባል ሐምራዊ ሰማያዊ ቱቦ ኮራሎቹን ያፈካል፣ ግን ለዓይን ጨለማ ነው፤ ስምንት ቱቦ ያለው አንዱን ሊሰጠው ይችላል፣ አራት ቱቦ ያለው ግን አይችልም። ከፊት ለፊት ያለው ቦታ የብሉ ፕላስ ይሁን፤ ከመስታወቱ የምታዩት የኮራሉ ፊት ይደምቃል።

ገንዘብ ለሚቆጥር አንድ ነገር፦ ከተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው 865 የተጻፈበት ባለ 54 ዋት ቱቦ ኮራል ያሳድጋል። 8ቱ የቀለም አሳዪነቱ ከ80 በላይ መሆኑን፣ 65ቱ 6,500 ኬልቪን መሆኑን ይናገራል። ለብቻው ገንዳውን ቢጫ አረንጓዴ ያስመስለዋል፤ ከሰማያዊዎቹ ጋር አንዱን ኮራል ፕላስ ተክቶ ሲገባ ግን ልዩነቱን የሚያይ ጥቂት ነው። 830 እና 840 የሚሉትን አትውሰዱ።

ሙቀት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ቲ5 ከፍተኛውን ብርሃን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ስድስት ቱቦ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከዚያ በእጅጉ ያልፋል፣ ብርሃኑም ይወርዳል፤ ስለዚህ ፋን ያስፈልጋል። ፋኑ ሲበዛ ደግሞ ቱቦው ቀዝቅዞ እንደገና ይደበዝዛል። የቱቦው ቀዝቃዛ ነጥብ ያለው ጽሑፉ በታተመበት ጫፍ በኩል ነው፤ ሜርኩሪው የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ የቱቦውን ጠባይ የሚወስነው ያ ጫፍ ነው። ሁሉንም ቱቦ ስትገጥሙ ጽሑፉ በአንድ ወገን ይሁን፣ ፋኑም እዚያ ጫፍ ላይ በቀጥታ አይንፈስ። ከሣጥኑ ሙቅ አየር ስቦ የሚያወጣ ፋን በአብዛኛው ልኩ ነው።

መብራቱን ከውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሉ ፕላስ ሦስት ሰዓት ላይ ይብሩ፣ ሌሎቹ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይከተሉ፣ ለሰባት ሰዓት ያህል በርተው ይጥፉ፤ ሰማያዊዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተው ይዘጉ። በድምሩ አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ማስረዘም አልጌ መቀለብ ነው።

አዲስ መብራት ወይም አዲስ ቱቦ ሲገባ ኮራል በቀናት ውስጥ ሊነጣ ይችላል፤ ቀድሞ በደከመ ብርሃን ለምዶ የኖረ ነውና። መብራቱን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ወይም ሁሉም የሚበሩበትን ጊዜ ወደ አራት ሰዓት አውርዳችሁ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ቱቦ ስትቀይሩ ስድስቱን በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ሁለት ዛሬ፣ ሁለት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የቀሩት እንዲሁ። ኮራሉ ቡናማ እየሆነ ከሄደ ብርሃን አንሶት ወይም ናይትሬትና ፎስፌት በዝቶበት ነው፤ ገርጥቶ ከነጣ ብርሃን በዝቶበት ወይም ውሃው ምግብ አጥቶ ነው። ስለዚህ መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ውሃውን መርምሩ።

ቱቦ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል። ሳይቃጠልም ደካማ ይሆናል፤ ዓይን አይለየውም፣ ኮራሉ ይለየዋል። ፓር ሜትር ውድ ነው፤ ርካሽ የሉክስ መለኪያ ግን ለዚህ አንድ ሥራ ይበቃል። ቱቦው 100 ሰዓት ከበራ በኋላ፣ ቀለሙ ከረጋ ማለት ነው፣ ከተወሰነ ቦታና ርቀት ለክታችሁ ጻፉት፤ በየወሩ ከዚያው ቦታ ለኩ። ሩቡን ሲያጣ ቱቦ ማዘዝ ነው። ቁጥሩ ራሱ ለኮራል ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው መቀነሱ ነው።

ከመለካት በፊት ግን ጥረጉ። የሚረጨው ጨዋማ ውሃ ደርቆ ሪፍሌክተሩን ነጭ ያለብሰዋል፤ አምፖል ቀያሪው ሰው ችግሩ ጨው መሆኑን ሳያውቅ አዲስ ቱቦ ይገዛል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በተጣራ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ግትር ጨው ላይ ትንሽ አቼቶ ይጨመርበታል። ሻካራ ስፖንጅ ሪፍሌክተሩን ይጭረዋል። የቱቦው ጫፍ ላይ የሚጠብቀው የጎማ ክዳን ከላላ ጨው ወደ ፒኑ ይገባል፣ አረንጓዴ ዝገት ይጀምራል፣ ቱቦው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሶኬቱም ሊቃጠል ይችላል። መብራቱ የሚሰካው ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በሚቆርጠው በኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር በኩል ይሁን፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ጠብታ ተከትሎት እንዳይገባ።

አሁን አዲስ መብራት የሚገዛ የቱቦውን ዕጣም ያስብ። የአውሮፓ ኅብረት ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውሉትን ቲ5 ቱቦዎች ከኦገስት 2023 ጀምሮ ወደ ገበያ እንዳይወጡ አድርጓል፤ በሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት ያሉ አገሮችም በ2027 መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፍሎረሰንት ቱቦ ማምረትንና ንግዱን ለማቆም ተስማምተዋል። እንግዳ ርዝመት ያለው መብራት አትግዙ፤ ባለ 54 ዋቱ በብዛት የተሠራ ስለሆነ የመገኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ያልበራ ቱቦ አያረጅም፤ የሁለት ዓመት መለዋወጫ በካርቶኑ ውስጥ ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ ይቀመጥ። ቢሰበር ውስጡ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለ፦ መስኮት ክፈቱ፣ ስብርባሪውን በካርቶንና በእርጥብ ወረቀት ሰብስባችሁ በሚዘጋ ማሰሮ ውስጥ ጨምሩ፣ በቫኪዩም አትጥረጉት። ገንዳው ውስጥ ከተሰበረ ስብርባሪውን በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ አውጡ፣ ከዚያ ውሃ የሚያጣራ ካርቦን አስገብታችሁ ብዙ ውሃ ቀይሩ።