እንኳን ለሃምሳው ቀን አደረሳችሁ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። 55 ቀን የጾመ ሆድ በዶሮ ወጥ ደንግጦ፣ ስልኩም ከአዲስ አበባ፣ ከሪያድና ከቴል አቪቭ ሲጮኽ ውሎ፣ ቁጭ ያልኩት ገና አሁን ነው። ለፋሲካ አንድ ነገር መጻፍ ልማዴ ነው። የዘንድሮው ስለ ጎረቤቶቼ ነው። እነሱ ትንሣኤን ካከበሩ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከበዓሉ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ብዙዎቻችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ አጥቢያችን የራሷን ሕንፃ ሳትገዛ በፊት ተጠልለን የቀደስንባት ያቺ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ናት። እኛ ወደ ሰፊው ሕንፃ ስንዛወር ቤቴ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ከሰዎቹ ጋር አልተለያየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምግብ ዕደላቸው ላይ አግዛለሁ፤ አንዳንድ እሁድ ደግሞ ከቅዳሴያችን ስመለስ አዳራሻቸው ብቅ እላለሁ። እነሱ ጋ አልቆርብም፤ እነሱም «ለምን?» ብለው አይጨቀጭቁኝም። በብዙ ነገር እንለያያለን። ሴት ቄስ ይሾማሉ፣ ሌላም ሌላም አለ። ያንን ክርክር ዛሬ በበዓል ቀን አልከፍተውም።

ለማታውቋቸው ያህል፣ ኤፒስኮፓል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የአሜሪካ ልጅ ናት። ከአሜሪካ አብዮት በኋላ አሜሪካኖቹ ጳጳስ ይሾምላቸው ዘንድ ለንደን ሲሄዱ ለንጉሡ መሐላ ፈጽሙ ተባሉ። ያ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሳሙኤል ሲበሪ የተባለ ካህን ያ መሐላ ወደማይጠየቅበት ወደ ስኮትላንድ አቅንቶ እ.ኤ.አ. በ1784 አበርዲን ላይ ተሾመ። ጳጳስ ከባሕር ማዶ መፈለግ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ለዘመናት ከእስክንድርያ ስናስመጣ ኖረን፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ዓ.ም. ነው። የእነዚሁ ሰዎች ዘመዶች አገር ቤትም አሉ፤ አዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን፣ ጋምቤላ ደግሞ በኑዌርና በአኙዋ ምእመናን የተሞላ ሀገረ ስብከት አላቸው።

ዘንድሮ የእነሱ ትንሣኤ መጋቢት 27 ዋለ፤ እኛ ዘንባባ ይዘን ሆሳዕና ስንል። የእኛው ሚያዝያ 4 ሲመጣ እነሱ ሁለተኛው እሁድ ላይ ነበሩ። አምና ሚያዝያ 12 አብረን አክብረናል፤ በ2016 ዓ.ም. ግን አምስት ሳምንት ተራርቀን ነበር። በዚያ በሁለተኛው እሁድ በየዓመቱ ሳይለውጡ የሚያነቡት ወንጌል ከዮሐንስ 20 የቶማስ ታሪክ ነው። እኛም በዳግማይ ትንሣኤ ቶማስን ነው የምናስበው። እንግዲህ ቶማስ ዘንድሮ ጣቱን ቀድሞ እነሱ ጋ ዘርግቷል፤ በሳምንቱ እኛ ጋ ይደርሳል።

ያንን እሁድ በድሮ አጠራር «ዝቅ ያለው እሁድ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ለትንሣኤ ወንበር አልበቃ ብሎ የሚታጠፉት ወንበሮች ከምድር ቤት ወጥተው ነበር። መለከት የሚነፋ ሰው ተቀጥሮ፣ ሕፃናቱ በሣሩ ላይ እንቁላል ሲፈልጉ፣ ዓመት ሙሉ ያልታየ ዘመድ ሁሉ ክራቫት አስሮ መጥቶ። በሳምንቱ የሚታጠፉት ወንበሮች ወደ ምድር ቤት ተመለሱ፤ ዋናዋ ቄስ ከሕማማቱ ድካም ለማረፍ ፈቃድ ወጡ፤ ሌላ ቄስ ተተኩ፤ ወንበሩ ላይ የቀሩት የማውቃቸው ሽበታሞች ናቸው። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሯት፤ ዛሬ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቁጥሩን እነሱም ያውቁታል። አንዳንዶቹ ያወሩበታል፤ አብዛኞቹ ግን ሰሃን እያጠቡ ነው።

ፋሲካን ለእነዚህ ሰዎች ሃምሳ ቀን የሚያደርገው ደግሞ የቆየ ሕግ ነው። በጾሙ ወራት «ሃሌ ሉያ» ከአፋቸው አይወጣም፤ ከትንሣኤ ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ስንብቱ ላይ ሳይቀር እጥፍ ሃሌ ሉያ ነው። በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት የበራው ትልቁ ሻማ በእነዚህ ሳምንታት አገልግሎት ሁሉ ይበራል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ለጥምቀትና ለቀብር ብቻ ነው፤ የቀብር ጸሎታቸውን ራሱን የትንሣኤ ጸሎት ብለው ነው በነጭ ልብስ የሚያደርሱት። በእነዚህ ሳምንታት እዚህ አጥቢያ ውስጥ ማንም ተንበርክኮ አይጸልይም፤ ቆመው ነው። «ለምንድን ነው?» ብዬ አንዱን አዛውንት ብጠይቃቸው «ኒቅያ» አሉኝ። ሣቄ መጣ። እኛም እኮ በበዓለ ሃምሳ አንሰግድም! ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖና በእሁድና እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ቆማችሁ ጸልዩ ያሉትን፣ እኛ በነጠላ እነሱ በካፖርት ይዘነው ቀጥለናል።

ቅዳሴያቸው ሲያበቃ ሁሉም ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ቡና ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ቤተሰብ በየተራው ስሙን ይጽፋል፤ ተረኛው ሳንድዊች፣ ኬክ፣ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል። ቡናውን ግን አልምርላቸውም። ከትልቅ የኤሌክትሪክ ጀበና የሚቀዳ፣ ታች ያለው የጽዋው ወለል ወለል ብሎ የሚታይበት ነገር ነው። ሆኖም ማንም ቶሎ አይሄድም። ማን ሆስፒታል ገባ፣ የማን ልጅ ሥራ አገኘ፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ ማን መኪና መንዳት ስላቆመ ከነገ ጀምሮ የሚያመጣው ሰው ይፈልጋል፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚሰማው። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ልዩነቱ፣ እዚያ ዕቃ የሚያጥቡት ወንዶቹ ናቸው። (ይህን ያነበባችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናንተን ነው።)

ከሁሉ የምወደው የአበባውን ነገር ነው። ለትንሣኤ መሠዊያው ዙሪያ በነጭ ሊሊ ይሞላል። እያንዳንዱን ማሰሮ አንድ ሰው ለሞተበት ዘመዱ መታሰቢያ ገንዘብ አውጥቶበታል፤ ስማቸውም ታትሞ ለምእመናን ይታደላል። ተዝካር በሉት። ከሰኞ ጀምሮ «አልታር ጊልድ» የሚባሉት እናቶች አበባውን እያነሡ ቤት ለዋሉ፣ ለታመሙ፣ ለአረጋውያን መኖሪያ ይከፋፍሉታል። ከአበባው ጋር፣ የሠለጠኑና ፈቃድ ያላቸው ምእመናን ከእሁዱ የተቀደሰውን ቁርባን ለማይነሡት ይወስዳሉ። እኔ አንድ ጊዜ በሾፌርነት ሄጃለሁ። በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ጤና አልነበረም፤ «ድመት አለ?» ነበር። ያ ሊሊ ለድመት መርዝ ነው፤ ድመት ያለበት ቤት ሌላ አበባ ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ለዓመታት በዚያ በር የተመላለሰ ብቻ ነው።

የምግብ ዕደላው ደግሞ የእኛን ሰዎች ያገናኛል። ከተሰለፉት መካከል ነጠላ የለበሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በእነሱ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ማለትም በእኛ ሆሳዕና ዋዜማ፣ ለበዓል ተብሎ በየካርቶኑ ካምና እንቁላል ተጨምሮ ነበር። አንዲት እናት ካርቶኑን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ካም ነው እማማ፤ የአሳማ ሥጋ።»

በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄስ? እንቁላል?»

«ነገ ፋሲካቸው ስለሆነ ነው። እርስዎ ጾም ላይ ነዎት፤ ቀይሬ ምስር ላምጣልዎት?»

«ምስሩንም አምጪ፣ እንቁላሉንም ተዪው። ለሳምንት ምን አላት! ለዶሮዬ ይሆናል።»

ኃላፊዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እየሣቀች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። በሳምንቱ፣ በቅዳም ሥዑር ጠዋት ስደርስ ለብቻው አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ እንቁላል በየደርዘኑ፣ የቀይ ሽንኩርት ጆንያ፣ ካም የሚባል ነገር የለም። የእነሱ በዓል አልፎ ነበር እኮ። ስብከትም አልተሰበከበትም፣ ፎቶም አልተነሣበትም። ሽንኩርቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉ፦ ከፊሉ ከአጥቢያው በጀት ነው፤ እሱን የሚወስነው ምእመናን በድምፅ የሚመርጡት «ቬስትሪ» የሚባል ጉባኤ ነው። ስብሰባቸው ረጅም ነው፤ ስለ ቦይለር ጥገና አንድ ማታ ሙሉ መነጋገር ይችላሉ፤ አልፈዋለሁ። ሌላው ግን ደስ ይላል። በየቤቱ አንዲት ሰማያዊ የካርቶን ሳጥን አለች። አንድ የሚያመሰግኑበት ነገር ባጋጠማቸው ቁጥር ሳንቲም ይጥሉባታል፤ ልጁ ፈተና አለፈ፣ ጉንፋኑ ለቀቀ፣ ዝናብ ዘነበ። ሳጥኖቹ በፀደይና በመኸር ተሰብስበው ገንዘቡ ለተለያየ የአገልግሎት ሥራ ይላካል። ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1889 የጀመሩት ልማድ ነው። እኛ ስለት አለን፤ ስለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነገር ጠይቀን ስናገኝ ነው። ጉንፋን ስለለቀቀን የምንከፍለው ነገር ቢኖረን ጥሩ ነበር።

ስለ ንባባቸውም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በእነዚህ እሁዶች ከብሉይ ኪዳን ይልቅ የሐዋርያት ሥራን ያነብባሉ፤ ከትንሣኤ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ምን ሠሩ ለማለት ነው። ንባቡ በሦስት ዓመት ይዞራል፤ በ2016 አምስተኛው እሁድ ላይ የደረሰው ምዕራፍ 8 ነበር፤ የእኛው ባኮስ፣ የሕንደኬ ጃንደረባ፣ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ። ቀኑ ሚያዝያ 20፣ የእኛ ሆሳዕና ነበር። ዘንባባዬን በጣቴ ጠምጥሜ አዳራሻቸው ስገባ ቡና የሚቀዳው ሰውዬ «ዛሬ ስለ እናንተ አነበብን» አለኝ።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። በትንሣኤ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ቆመን፣ ጧፍ ይዘን፣ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ እናመሻለን። ያ ሌሊት ከእነሱ ትንሣኤ ጋር ቢወዳደር የሚያሳፍረን አይደለም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት ግን የሥጋ ፈቃድ ብቻ አድርገናቸዋል እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም፤ እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አይኬድም ያለ ግን የለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው እሁድ ቅዳሴያችን ላይ ቦታ ሞልቷል። ልጆቹን ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን፣ ልጅና ምራት በሺፍት ሲወጡ ቀኑን ከቴሌቪዥን ጋር የሚውሉት፣ ለፋሲካ ሌሊት አንድ ሰው ያመጣቸዋል፤ ከዚያ እስከ ፍልሰታ የሚያስታውሳቸው የለም። ካህናቱ ሁሉንም ቤት አይደርሱም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ጠበል ጻዲቅ ይዞ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት ክህነት አይጠይቅም። አክፋይ ስንወስድ የምንሄድበትን መንገድ እኮ መኪናችን ያውቀዋል።

ቀኖቹን ልንገራችሁ፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሚያዝያ 11፣ ርክበ ካህናት ሚያዝያ 28፣ ዕርገት ግንቦት 13፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23፣ በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ጎረቤቶቼ ከዕርገታቸው በፊት ባለው እሁድ ጓሮ ያለውን የአትክልት ቦታ ዞረው ይባርካሉ፤ ቲማቲሙና ጎመኑ ለዕደላው ነው የሚተከለው። ጰራቅሊጦሳቸው ግንቦት 16 ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ቀይ ይለብሳል።

በዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ዕደላው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። አማርኛና ትግርኛ የሚችል ሰው በጣም ያስፈልጋል፤ መኪና ያለው ደግሞ የበለጠ፣ ካርቶን ተሸክመው አውቶቡስ የሚጠብቁ አሉና። አዳራሻችን ለእናቶች የሚሆን የሳምንት ቀን እንዲከፈት ከአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ጋር መነጋገር ጀምረናል፤ ስማችሁን ላኩልኝ። ቡና ማፍላት የምትችሉ ግን ቅድሚያ አላችሁ፤ ጎረቤቶቼን አንድ እሁድ እውነተኛ ቡና ላጠጣቸው ቃል ገብቻለሁ፤ ረከቦቱ አለኝ፣ ሲኒው አይበቃም።

መልካም በዓለ ሃምሳ።