ሚዱን አትንኩብኝ

ጥር ገብቷል፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፣ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ ድንኳን ተተክሎበታል፣ እኛም ቅዳሜ አንዱ ጋ እንጫወታለን። ዛሬ ልምምድ ጨርሰን ኬብል እየጠቀለልኩ ጊታር በቅርብ የጀመረ አንድ ልጅ መጣና «ጋሼ የአምፑን ማዞሪያዎች ፎቶ ላንሳቸው?» አለኝ፣ የጊታሬን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ማለቱ ነው። አንሳ አልኩት፣ ግን ቤት ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከሃሳቤ አልወጣም፣ ምክንያቱም ያ ፎቶ ብቻውን ምንም አይነግረውም፣ ቁጥሩ የሚሰራው እዛ ክፍል ውስጥ፣ በዛ ጊታር፣ በዛ ቮልዩም፣ ከዛ ማሲንቆ ጋር ነው። ስለዚ ልነግረው የፈለግኩትን እዚህ ልጻፈው።

ብዙ ሰው አምፑ ላይ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ)፣ ሚድ (መሃለኛው)፣ ትሬብል (ቀጭኑ) የሚል ሲያይ እያንዳንዱ የራሱን ነገር የሚጨምር ይመስለዋል። ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሰራው አምፕ ዓይነት ሰርኪዩት ግን ማዞሪያዎቹ የሚጨምሩት ነገር የለም፣ ከሚያልፈው ድምፅ ላይ መቀነስ ብቻ ነው ስራቸው (የእንግሊዙ ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን አምፕ የሰራው ቤዝማን የሚባለውን የፌንደር አምፕ ተከትሎ ስለሆነ ዘራቸው አንድ ነው፣ ከዛ በኋላ የመጡት ስንቶቹ ከዚሁ ዘር እንደሆኑ ደሞ ተዉት)። ማየት የፈለገ ሦስቱንም 0 ላይ አድርጎ ክሩን ይምታው፣ ድምፁ ድራሹ ነው የሚጠፋው። ደሞ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ ትሬብሉን ስትነካ የሚዱም ስራ አብሮ ይቀየራል፣ ለዛ ነው አንዱን አስተካክለህ ወደሌላው ስትሄድ ቅድም ያስተካከልከው የተበላሸ የሚመስልህ።

ከሁሉም በላይ ልጁ እንዲያውቀው የምፈልገው ግን ይሄን ነው፣ ሦስቱም 5 ላይ፣ ማለትም መሃል ላይ፣ ሲሆኑ «ኖርማል» አይደለም። በነዚህ አምፖች 5፣ 5፣ 5 ማለት ቤዙና ትሬብሉ ከፍ ብሎ መሃሉ የጎደጎደ ድምፅ ነው። ቀጥ ወዳለው ድምፅ መጠጋት የፈለገ ሰው ቤዙንና ትሬብሉን ወደ ታች አውርዶ ሚዱን እስከ መጨረሻው ነው መውሰድ ያለበት። የእ.ኤ.አ. 60ዎቹ ዴሉክስ ሪቨርብ የሚባለው የፌንደር አምፕ ላይማ ጭራሽ የሚድ ማዞሪያ የለም፣ ውስጥ ላይ ተቆልፎ ነው የተቀመጠው፣ እዛ ላይ ሚድ ለማግኘት ሁለቱን መቀነስ ነው ያለው አማራጭ። ቮክስ ኤሲ 30 የሚባል አምፕ ያጋጠመው ደሞ «ከት» የሚለውን ወደ ቀኝ ባዞረው ቁጥር ትሬብሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይወቅ፣ ከሌላው ተቃራኒ ነው።

ለምንድነው ሚድ ሚድ የምለው? ጊታር የሚኖረው እዛ ስለሆነ ነዋ። ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ 82 ኸርዝ ገደማ ናት፣ ቀጭኗ 330፣ ፍሬቱን ወደ ላይ ስትወጣና ድርብርብ ድምፆቹ ሲጨመሩ ሁሉም ነገር መሃል ላይ ይሰበሰባል። ታች ያለው ቦታ ባለቤት አለው፣ ቤዝ ጊታር ከ41 ኸርዝ ጀምሮ እየመጣ ነው፣ ከበሮው አለ፣ እኔ ቤዜን ከፍ ባደርግ ከነሱ ጋር መጋፋት ብቻ ነው ትርፌ። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትጫወት ሚዱን አውርደህ ሁለቱን ስትሰቅል በጣም ያምራል፣ ወፍራም፣ ብርጭቆ የመሰለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ባንድ ሲገባ ግን ወፍራሙን ቤዝ ጊታሩ ይውጠዋል፣ ብርጭቆውን ሲምባሉ ይሸፍነዋል፣ አንተ እጅህ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አትሰማም።

የኛ ሙዚቃ ላይ ደሞ ይሄ ነገር ይብሳል። እኛ ኮርድ እየመታን ብቻ አይደለም የምንውለው፣ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል ጊታሩ በነጠላ ድምፅ ይመልስለታል፣ በቅኝቱ ውስጥ እየተሽከረከረ። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ልብ ብላችሁ ስሙት፣ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ናት፣ ከሆርኑም ከኪቦርዱም መሃል ጥርት ብላ ትወጣለች። ጌይንም (አምፑ መግቢያው ላይ ድምፁን የሚያጎላው ማዞሪያ) እንደዛው ነው። ትዝታ ሜጀር ቅኝት ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ጌይን ሲበዛ የሚመጣው የሻከረ ድምፅ) ይቻላል፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፣ የመጀመሪያዋ ኖታ ሳትጠፋ ሁለተኛዋን ከመታህ ዲስቶርሽኑ ሁለቱን ደባልቆ ያልመታኸውን ሦስተኛ ድምፅ ይፈጥራል፣ ጆሮ ላይ የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው። እኔ እዛ ላይ ጌይኑን አውርጄ ማስተሩን (ጠቅላላ ቮልዩሙን) ከፍ አደርጋለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ማንም ቢከራከረኝ ሃሳቤን አልቀይርም።

ሌላው ቮልዩም ነው። ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርገህ ያስተካከልከው ሴቲንግ መድረክ ላይ አይሰራም። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ከመሃሉ ይልቅ ታችኛውን በተለይ፣ ጫፍ ላይ ያለውን ቀጭኑንም አሳንሶ ነው የሚሰማው፣ ስለዚ በዝቅታ ስትጫወት ሳታውቀው ሁለቱን ትጨምራለህ፣ መድረክ ላይ ሲጮህ ቤዙ ያጉረመርማል ትሬብሉ ይበሳል። መጀመሪያ የምትጫወትበት ቮልዩም ላይ አድርስ፣ ከዛ ነው ሌላውን መንካት። ጊታሩ ላይ ያለውንም ቮልዩም 7 ወይ 8 ላይ ልቀቀው፣ ሶሎ ሲመጣ መሄጃ እንዲኖርህ።

ዛሬ የተለማመድንበት አዳራሽ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይመጣል፣ ሪቨርቡን (የማስተጋቢያውን ማዞሪያ) ዘጋሁት፣ ቤዙን 3 ላይ አደረግኩት። ማሲንቆው ዛሬ በአዲስ ማይክ ነበር፣ ጠርዙ ሰላ ያለ ድምፅ ነው ያወጣው፣ ስለዚ ትሬብሌን 4 አድርጌ ሚዱን 7 ወሰድኩት፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጋሼም ማሲንቋቸውን ወደኔ አዙረው «አሁን ተገናኘን» አሉ። ልጁ ፎቶ ያነሳው ይሄን ነው።

ቅዳሜ ግን ሜዳ ላይ ነን። ከኋላችን ግድግዳ የለም፣ ከፊት ለፊት ሐይቁ ነው፣ ቤዙን የሚመልስ ነገር ስለሌለ ይሳሳል፣ ትንሽ ከፍ ይደረጋል፣ ሪቨርቡም ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ንፋስ ደሞ ቀጭኑን ድምፅ ያወዛውዘዋል፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል፣ እሱን በትሬብል አሳድዶ መያዝ አይቻልም። 12 ኢንች ስፒከር ትሬብሉን እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚልከው፣ አምፑ መሬት ላይ ተቀምጦ አጠገቡ የቆመ ሰው ከጉልበቱ በታች የሚያልፈውን አይሰማም፣ ድምፁ የደነዘዘ ይመስለውና ትሬብሉን ይጨምራል፣ ፊት የተቀመጡት የሙሽራዋ ዘመዶች ጆሯቸውን ይይዛሉ። ስለዚ አምፑ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ወደኔ ጆሮ ቀና ይላል። መብራት ከሄደና ጄኔሬተር ከተነሳ እንደገና ማየት ነው፣ ሲንግል ኮይል ፒካፕ (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ የክር ድምፅ መቀበያ) ያለው ጊታር ያኔ እምምም ማለት ሊጀምር ይችላል፣ አቅጣጫህን ትንሽ ስትቀይር ይቀንሳል።

በቃ ቤዝ 5፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 4 ብዬ ነው የምጀምረው። ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ስንፈትሽ) ላይ ረጅም ኬብል ይዤ ከመድረክ እወርድና ሰርገኛው የሚቀመጥበት ጋ ቆሜ እጫወታለሁ፣ ልጁ አምፑ ጋ ሆኖ በምልክት ያዞርልኛል፣ ቤዝ ጊታሩም ማሲንቆውም አብረው እየተጫወቱ፣ ብቻዬን ስጫወት ማስተካከል አልፈልግም።