ጎመኑ ሳይደርቅ ኦቨን አታስገቡት

የጎመን ቺፕስ ለመጋገር የተነሣሁት ከሁለት ዓመት በፊት በፍልሰታ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ሌላውን አጽዋማት የማይችሉት ሁሉ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከእናቶቻቸው ጋር ያስቀድሳሉ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ አይቀምሱም። የእኔ ሁለት ልጆች ያን ጊዜ 8 እና 11 ዓመታቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሱቅ የድንች ቺፕስ ይለምኑኛል። ጨው ይበዛዋል፤ አንዳንዱም ማጣፈጫው ውስጥ የወተት ዱቄት ስላለበት ለጾም አይሆንም። በጓሮዬ ደግሞ የሐበሻ ጎመን ሞልቶ ነበር። እንደ ቆሎ የሚቆረጠም ነገር ከጎመን እንደምሠራላቸው ቃል ገባሁ።

ሥራው ሲነገር አጭር ነው። ጎመኑን ቀንጥሶ ማጠብ፣ በመካከሉ የሚያልፈውን አገዳ ማውጣት፣ ቅጠሉን በመዳፍ ልክ ቀዶ በጥቂት ዘይት ማሸት፣ ትሪ ላይ ዘርግቶ መጋገር። አገዳውን አትጣሉት፤ ተከትፎ ለወጥ ይሆናል።

እኔ የተማርኩት ስለ ምግብ ዝግጅት በተሰጠን አጭር ሥልጠና ላይ ነበር። የታደለን ወረቀት «ቅጠሉን አጥበው ጨውና ዘይት ይቀቡ፤ በ180 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይጋግሩ» ይላል። ስለ ማድረቅ አንዲት ቃል የለችበትም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው በነሐሴ ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎመን አጥቦ እንደማያውቅ አሁን እርግጠኛ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ትኩሱን ላቀርብላቸው ብዬ ጎመኑን በመጨረሻው ሰዓት አጠብኩት። አራገፍኩት፣ ጨውና ዘይት አሸሁት፣ ወረቀቱ ባለው ሙቀት አስገባሁት። የኦቨኑ መስታወት ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሳወጣው ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሐሉ ግን ለወጥ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። ትንሹ ልጄ አንዱን አንሥቶ ቀመሰና ምንም ሳይናገር መልሶ አስቀመጠው። ከዚያም ዳቦ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ስምንት ሰዓት ድረስ የጾመን ልጅ እንደዚያ ማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሠልጣኙን ስልክ ደውዬ ጠየቅኩት። «የእናንተ አገር ከፍታ ስለሆነ ሙቀቱን ጨምሪ» አለኝ። በማግስቱ ወደ 200 ከፍ አደረግኩት። ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ጎመኑም ከሰል ሆነ። ምክሩ ስሕተት እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው። የእኔ ዓላማ ግን ውሃን ከቅጠሉ ማባረር እንጂ በውሃ ማብሰል አልነበረም፤ ውሃ ደግሞ ከፍታ ላይ ይበልጥ ቀሎት ይተንናል። ሙቀት መጨመሩ ቅጠሉን ከማቃጠል በቀር የጠቀመኝ ነገር የለም። አሠልጣኙ ሳያመዛዝን የሰጠኝን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል።

ሦስተኛው ቀን ጥፋቱ የራሴ ነበር። ጎመኑን ከዋዜማው አጥቤ በፎጣ አደረቅሁት፤ ነገር ግን አቧራ እንዳይነካው ብዬ በፌስታል አሰርኩት። ጠዋት ስፈታው ፌስታሉ ውስጡ ላብ ሆኗል፣ ቅጠሉም ተጣብቋል። ሌሊቱን ዝናብ ነበር፣ ጠዋትም ጉሙ ከደጃፍ አልተነሣም፤ ፀሐይ ላይ ላሰጣው አልቻልኩም። ስለዚህ እንጀራ ጋግሬ የጨረስኩበት ምጣድ ላይ ዘርግቼ አክንባሎውን ከደንኩበት። አክንባሎ እንፋሎት እንዲይዝ የተሠራ ነገር ነው። በዕድሜዬ ሙሉ እንጀራ የጋገርኩ ሴት ይህንን እያወቅሁ ጎመኑን በገዛ እጄ ቀቀልኩት።

ያን ዕለት እሳት ልትወስድ የመጣች ጎረቤታችን ናት መፍትሔውን የነገረችኝ። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፣ እትዬ እያልን ነው የምንጠራት። ሁኔታውን አይታ «ልጄ፣ በርበሬ ሳይደርቅ ይወቀጣል? ታዲያ ይኼ ጎመን በእርጥቡ እሳት ውስጥ ምን ሊሆን ገባ?» አለችኝ። ከዚያ ሰፌድ አንሥታ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈችበት፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ደረደረችና ከምጣዱ አጠገብ አስቀመጠችው። ከምጣዱ ላይ አላደረገችውም።

ከዚያ ወዲህ በክረምት የማደርገው እንዲህ ነው። ጎመኑን ከዋዜማው ማታ አጥቤ አራግፋለሁ፣ በሁለት ፎጣ መካከል እጫነዋለሁ፣ ሳልደራርብ ሰፌድ ላይ እዘረጋለሁ። ጠዋት እንጀራ ጋግሬ እስክጨርስ ወደ ማድ ቤት አላስገባውም፤ እንጀራ ሲጋገር ቤቱ እንፋሎት ብቻ ነው። ጋግሬ ስጨርስ በሩን ከፍቼ እንፋሎቱን አስወጣለሁ፤ ሰፌዱንም ገና ትኩስ ከሆነው ምጣድ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጣለሁ፣ በመካከሉም ቅጠሉን እገለብጣለሁ። ቅጠሉ ጉንጭ ላይ ሲደረግ ቅዝቃዜ ከተሰማ ውሃ አለበት፤ ተመልሶ ይቀመጥ። ሸዋ ሮቢት የምትኖረው እኅቴ ይህንን ስነግራት ግራ ይገባታል፤ እርስዋ ቆላ ስለሆነች ጥላ ውስጥ ዘርግታ ቡና አፍልታ እስክትጠጣ ይደርቅላታል። ጉዳዩ የደጋው ሰው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እኛም አንቸገርም፤ ውርጩ ቢከፋም አየሩ ደረቅ ነው። ለእኔ ደግሞ ውርጭ ካለፈበት በኋላ የተቀነጠሰ ጎመን ይበልጥ ይጣፍጠኛል።

የቀረው ቀላል ነው። ጨው ከመጋገሩ በፊት አታድርጉ፣ ወረቀት ላይ ቢጻፍም አትስሙ። ጨው ከቅጠሉ ውሃ ይስባል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያደረቃችሁትን መልሶ ያርሰዋል። ከኦቨን ሲወጣ ገና ትኩስ ሳለ ይነስነስበት። ሚጥሚጣም እንደዚያው፤ አብሮ ከተጋገረ ያርና ይመራል። ዘይት ለአንድ እስር ጎመን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ዋናው እያንዳንዱን ቅጠል በእጅ አሽቶ ማዳረስ ነው። ሙቀቱ በእኔ ኦቨን 140 ዲግሪ ነው፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። በመካከል አንዴ በሩን ከፍቼ እንፋሎቱን አስወጥቼ ትሪውን አዞራለሁ። ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ ከኦቨኑ አጠገብ አልርቅም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ መውጣት አለበት፤ ቡናማ ከሆነ መሯል። መጀመሪያ ሲወጣ ትንሽ ለስለስ ያለ ቢመስል አትደንግጡ፣ ትሪው ላይ ሲበርድ ይደርቃል።

ቆስጣ ሞክሬ አልወደድኩትም። ውሃው ብዙ፣ ቅጠሉ ስስ ነው፤ ደርቆ ሲወጣ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ጥቅል ጎመንንም አልመክርም። ከሐበሻ ጎመንም ያረጀውን የታችኛውን ቅጠል ትቼ መካከለኛውን ነው የምመርጠው።

በክረምት የተረፈው ለነገ አይቆይም፤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥም ቢሆን በማግስቱ ይለሰልሳል። ትኩሱን መክደን ደግሞ የባሰ ነው። የለሰለሰውን ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ወደ ኦቨን መልሼ አውቃለሁ፣ ይመለሳል። እኔ ግን በፍልሰታ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ እጋግራለሁ።

ያን ዓመት ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆቹ አንድ ሙሉ ትሪ ቆረጠሙ። ትንሹ የመጨረሻዋን ቅጠል ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእትዬ ወሰደላት።