«አዎ» ብዬ የሞላሁት ወረቀት

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የዕለት ተመላላሽ ባቡር ቢጀመር ስንት ሰው ይሳፈራል የሚለውን ለማጥናት በተቋቋመ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ሐዲዱ አለ፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ነው፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የቀረን ተሳፋሪውን መቁጠር ነበር።

ቢሾፍቱ መናኸሪያ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። እናቴን የሚያህሉ ሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ምሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሰልፍ ይዘዋል። ሥራቸው ቃሊቲ ነው፣ ጽዳት።

«እማማ፣ ባቡር ቢጀመር ይሳፈራሉ?»

«ቢመጣማ እንዴት ደስ ይለኛል ልጄ!»

«አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ልዞር ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ፣ የት ነው የምሳፈረው?»

ጣቢያውን ነገርኳቸው።

«እሱ ከከተማ ውጭ አይደለም እንዴ? በዚህ ጨለማ ማን ይወስደኛል? መውረጃዬስ?»

«ለቡ።»

ዝም አሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ባጃጅ፣ ባቡር፣ ከለቡ ደግሞ ወደ ቃሊቲ ታክሲ። «ልጄ፣ እኔ እኮ 2 ሰዓት ላይ ፊርማ ይነሳብኛል» አሉኝና ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሄዱ።

ልክ ነበሩ። ባቡሩ ከቢሾፍቱ ሲመጣ ኢንዶዴ የሚባለውን ጣቢያ አልፎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ለቡ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ መመለስ አለባቸው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ድረስ ቢደርስም ለቡ ላይ አይገናኝም። የድሮው የፈረንሳይ ባቡር ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ በኩል ሲወርድ ሰው ያለበት ቦታ ይቆም ነበር። አዲሱ ሲነደፍ ዋናው ሐሳብ የጅቡቲ ጭነት ነበርና ከተማውን ዳር ዳሩን ነው የሚያልፈው። ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር፣ ካርታውም በየቀኑ ፊቴ ነበር። ግን አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ እስከ ሥራው በር ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚወርድና እንደሚሳፈር ቆጥሬ አላውቅም።

ወረቀቱ ኅዳግ ላይ የተናገሩትን እንዳለ ጻፍኩት። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የገባው ሳጥኑ ብቻ ነው። ሰብሳቢያችን ዘንድ ሄጄ የጉዞ ጊዜው ከቤት እስከ ሥራ ይቆጠር፣ ኢንዶዴ ላይ መውረጃና ወደ ቃሊቲ የሚያመላልስ አውቶቡስም በአማራጭነት ይታይ ብዬ ለመንኩ።

«የተጠየቅነው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ነው» አሉኝ። «ሌላው በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል።»

ቀጣይ ምዕራፍ አልመጣም። በሪፖርቱ ውስጥ እኚያ እናት ባቡር እሳፈራለሁ ካሉት ጋር ተደምረዋል፤ ምልክቱን ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬም መጠይቅ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምጽፈው የእሳቸውን ጥያቄ ነው፦ የት ይሳፈራሉ፣ የት ይወርዳሉ፣ ፊርማ የሚነሳው በስንት ሰዓት ነው?