ዩራኒየም የመጨረሻው ነው ያለው ማነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። በየዓመቱ አንዱ ተማሪ ደብተሩን ገልጦ «ቲቸር፣ በተፈጥሮ የሚገኙት ኤለመንቶች 92 ናቸው፤ መጨረሻው ዩራኒየም ነው» ይለኛል። ፈተና ላይ እንዲህ ቢመልስ ነጥቡን ያገኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

93ኛው ኔፕቱኒየምና 94ኛው ፕሉቶኒየም መጀመሪያ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርተው ነው። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ስም የዚያኔ ተለጠፈባቸው፣ ሳይላቀቃቸው ቀረ። ኋላ ላይ ሁለቱም በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ ተገኙ። ኢምንት ናቸው፤ ግን አሉ።

ዩራኒየም 238 (ቁጥሩ በአቶሙ እምብርት ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር ነው) አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ኒውትሮን ያፈናጥራል። ያንን ኒውትሮን ሌላ የዩራኒየም አቶም ከዋጠው ዩራኒየም 239 ይሆናል። የዚህ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከአቶሞቹ ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ፣ 23 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ወደ ኔፕቱኒየም ይለወጣል። ኔፕቱኒየሙም ብዙ አይቆይም፤ በቀናት ውስጥ ፕሉቶኒየም ይሆናል። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ገደማ ነው። ምድር ደግሞ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ማዕድኑ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም 239 ከጥንት የተረፈ ሊሆን አይችልም። ዛሬም እየተሠራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እዚህ ስደርስ ተማሪዎቼ ወደ ራሳችን ድንጋይ ይዞራሉ። ጣናን በደቡብ በኩል የገደበው ላቫ ነው፤ ኮብልስቶን የምንጠርበውም ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ዩራኒየም አለበት? አለበት። ባዛልት ከግራናይት ያነሰ ነው ያለው፤ በኪሎ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ከአንድ ሚሊግራም ዩራኒየም 238 ውስጥ በየሰከንዱ 12 ያህል አቶሞች ይፈራርሳሉ። «ታዲያ ኮብልስቶኑ ላይ መቀመጥ አይጎዳም?» አለችኝ አንዷ። ኧረ አይጎዳም! እንዲህ ያለ ጥቂት ዩራኒየም የትም አፈር ውስጥ አለ። ፕሉቶኒየም የሚፈልግ ግን እዚህ አይልፋ። ተራ ድንጋይ ውስጥ ኒውትሮኑን ሌሎች አቶሞች ቀድመው ይውጡታል፤ ዩራኒየም የበዛበት ማዕድን ያስፈልጋል።

«ኢምንቱን ምን አስቆጠረን?» የሚል ተከራካሪም አይጠፋም። እሺ፣ አንቁጠር። ግን 43ኛው ቴክኒሺየምና 61ኛው ፕሮሜቲየምም በተፈጥሮ የሚገኙት እንዲሁ በኢምንት ነው፤ ያውም በአብዛኛው ከዚያው ከዩራኒየም ስንጥቅ። እነሱን ከጣልን ቁጥሩ ከ92 ይወርዳል። ካስገባናቸው ኔፕቱኒየምንና ፕሉቶኒየምን በምን ምክንያት እናስቀራለን? በየትኛውም መንገድ 92 አይመጣም።