በአማካዩ ውስጥ የተሰወሩት ልጆች

በከሚሴ አካባቢ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ባሉ ቀበሌዎች፣ ከውሃ ወደ ሰው በሚገባ ጥገኛ ትል የሚመጣውን የቢልሃርዝያን ስርጭት በሒሳባዊ ሞዴል ለመተንበይ በምንሠራበት ወቅት፣ አንድ ወጣት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ረቂቁን አቀረበልን። ከተማሪዎች ከመቶ 75ቱ በየዓመቱ የትሉን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልን ከዋጡ በሽታው በፍጥነት እንደሚቀንስ ሥሌቱ ያሳያል፤ 75 ከመቶም የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ ስለ ነበረ ብዙዎቻችን ተስማማን።

በላቦራቶሪ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ግን፣ «ልጄ፣ ይህ አማካይ የየትኛው ልጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። «የሁሉም ነው፣ ጋሼ» አላቸው። እርሳቸውም ወረቀት አንሥተው አሰሉለት። ካቶ ካትዝ በተባለው፣ ዓይነ ምድርን በአጉሊ መነጽር በሚያየው ምርመራ፣ በስላይድ (በመስታወት ቁራጭ) ላይ የተቆጠረው የትሉ እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ያለውን መጠን ይሰጣል፤ 400 ከደረሰ ከባድ ይባላል። ከዐሥር ልጆች የዘጠኙ ስላይድ አንድ አንድ እንቁላል፣ የአንዱ ደግሞ ሃያ ቢኖረው፣ አማካዩ 70 ገደማ ሆኖ ሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ያ አንድ ልጅ ግን ብቻውን 480 ነው። እርሳቸው እንዳስተዋሉት፣ እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ በመስኖና በከብት ጥበቃ ውሃ ውስጥ የሚውል፣ ክኒን በሚታደልበት ቀንም ከትምህርት ቤት የሚቀር ነው።

ይህ ለሞዴሉ ወሳኝ ነገር ነው። የበሽታ ስርጭትን በሒሳብ ያጠናው ተመራማሪ ጆርጅ ማክዶናልድ በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ወንዱና ሴቷ ትል በአንድ ሰው ውስጥ ካልተገናኙ እንቁላል ስለማይኖር፣ የትሉ ብዛት ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ስርጭቱ ራሱ ይከስማል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ትሎቹ በጥቂት ሰዎች ውስጥ ሲከማቹ በቀላሉ ስለሚገናኙ ያ ልክ እጅግ ዝቅ እንደሚልና በሽታውን ማጥፋት እንደሚከብድ አሳይተዋል። በዓይነ ምድር ወደ ውሃ ከደረሰ እንቁላል ተፈልፍላ ወደ ቀንድ አውጣ የገባች አንዲት እጭ ተባዝታ በሺዎች የሚቆጠሩ እጮችን ወደ ውሃው ስለምትመልስ፣ መድኃኒት ያልደረሳቸው ጥቂት ልጆች ወንዙን ዳግም ለመበከል ይበቃሉ።

ወጣቱ ባለሙያ ሞዴሉን ውሃ አዘውታሪዎችና ሌሎች ብሎ ለሁለት ከፈለው። ሽፋኑ እዚያው 75 ከመቶ ላይ ሳለ፣ የሚቀሩት በየዓመቱ የተለያዩ ልጆች ሲሆኑ የበሽታው መስመር ወረደ፤ ሁልጊዜ እነዚያው ውሃ አዘውታሪዎች ሲሆኑ ግን ጥቂት ወርዶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የምንሰበስበው መረጃ ስንት ልጅ ዋጠ ከሚለው ጋር፣ ዘንድሮ የቀረው ልጅ አምናም ቀርቶ እንደሆነ ይመዘግባል፤ ለእኔ ከቅጹ ዐምዶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።