ድርድር መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም እህቶች፣ ባለፈው እንዳልኳችሁ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ሄድነቱ (ኃላፊነቱ) ሲመጣልኝ ዝም ብዬ "እሺ" ማለት ስላልፈለግኩ ነው ድርድር ልማር ብዬ የተነሳሁት።

የመጀመሪያውን ወር ድርድር ማለት አነጋገር ብቻ መስሎኝ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ከረምኩ፣ ከዛ ዲኑ ጋ ገብቼ "ስራ በዝቶብኛል" ስለው "ሁላችንም ላይ በዝቷል" አለኝ፣ በቃ አለቀ። የማሳየው ነገር እጄ ላይ አልነበረም።

መንገዴን የቀየረልኝ የናንሲ ሆፕኪንስ ታሪክ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች ባዮሎጂስት ናት፣ ለምርምሯ ተጨማሪ ቦታ ጠይቃ ሲከለክሏት ሜትር ይዛ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ እየዞረች ስፋቱን ለካችና ሲኒየር ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ቦታ እንደተሰጣቸው በቁጥር አሳየች፣ ከዛ ሌሎቹ ሴት ፕሮፌሰሮችም አብረዋት ቆሙና እንደ ፈረንጆቹ በ1999 የወጣውን ሪፖርት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተቀበለው። ሳነበው እንባዬ መጣ፣ እሷን የምታክል ሳይንቲስት ሜትር መያዝ ነበረባት።

እኔ ደሞ የሁለት ሴሚስተር ቃለ ጉባኤ ሰብስቤ ማን ስንት ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ ቆጠርኩ። እኔ 6፣ አብሮኝ የተቀጠረው ባልደረባዬ 2። የኔዎቹ ደሞ አብዛኞቹ ለፕሮሞሽን የማይቆጠሩ ናቸው፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የተማሪ አቤቱታ ማየት፣ ዝግጅት ማስተባበር። ኢኮኖሚስቷ ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ያሳተሙት ጥናት ላይ ወንድና ሴት ሲቀላቀሉ ማንም የማይፈልገውን ስራ ሴቶቹ ናቸው በብዛት የሚያነሱት፣ ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እነሱም ያነሱታል። ስለዚህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፣ ከኛ ስለሚጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሶስት ነገር ጠየቅኩ፣ አንድ ኮርስ እንዲቀነስልኝ፣ ከ4 ኮሚቴ እንድወጣና የሪሰርች ረዳት እንዲመደብልኝ። ጥያቄዎቹንም ዲፓርትመንቱ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር አያያዝኳቸው፣ ምክንያቱም ሴት ለራሷ ስትጠይቅ ከወንድ ይልቅ በክፉ እንደምትታይ በጥናት የታየ ነገር ነው። ፍትሃዊ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን የስራ ጫናው መቀነስ ስለነበረበት ተጠቀምኩበት። ዲኑ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ "ይሄ ሁሉ አንቺ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር" አለኝ። ኮርሱ ተቀነሰ፣ ከ3 ኮሚቴ ወጣሁ፣ ረዳቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። የተስማማንበት በሙሉ የሹመት ደብዳቤው ላይ ይግባልኝ ብዬ ሁለት ቀን ጠብቄ ነው የፈረምኩት።

ገና ያልቻልኩት ጠይቆ ዝም ማለትን ነው። ሰውየው ማሰብ ሲጀምር ፀጥታው ያስጨንቀኝና "ካልተቻለም ችግር የለውም" እላለሁ፣ የረዳቱ ጉዳይ የተላለፈው በዚች ቃል ይመስለኛል። በዚህ ወር የምሰራው እሱ ላይ ነው፣ የኮሚቴ መቁጠሪያ ሰንጠረዡን የምትፈልጉ ካላችሁ ንገሩኝ እልክላችኋለሁ።